ላንድክሩዘራችን ውስጥ የሚገባውን ውሃ ላስቆሙልን የዓባይ ማዶው ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ ሰኔ ሳይገባ ይህን አንብቡልኝ። ጠዋት በር ስትከፍቱ የሻጋታ ሽታ የሚቀበላችሁ፣ ሞኬቱን ስትረግጡት ውሃ የሚተፋ፣ መስታወቱ ከውስጥ በጉም እየተሸፈነ መንገድ የሚነሳችሁ ከሆነ፣ ዓባይ ማዶ መፍትሔ ያላቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ስለዚህ እዚህ አልጻፍኩትም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ። ምስጋናው በሰው ፊት መነገር ስላለበት ነው ይህን የምጽፈው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

መኪናዋ በተለምዶ 60 የምንላት ላንድክሩዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1980 መመረት የጀመረችው። ሞተሯ ዛሬም የሚታመን ነው፤ ላሜራዋ ግን ውሃ አይችልም። የዚህች መኪና የታወቀ ሕመሟ የፊት መስታወቷ ዙሪያ ነው። መስታወቱ እንደ አሁኖቹ መኪኖች በማጣበቂያ የተለጠፈ ሳይሆን በወፍራም ጎማ የታቀፈ ነው። ጎማው በዓመታት ፀሐይ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ጎማው ሥር ተቀምጦ የላሜራውን ከንፈር ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረት በላይ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ ጎማውን ከመቀመጫው ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ጎማውን ከላይ ብትቀቡት፣ ብትጫኑት፣ ለውጥ የለውም፤ ከሥሩ ያለው መንገድ ክፍት ነው።

ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የረጠበ ሞኬት በራሱ አይደርቅም። ከሞኬቱ ሥር ያለው ወፍራም ንጣፍ ብዙ ሊትር ውሃ ይዞ ሳምንታት ይቆያል፣ ላይ ላዩን ደረቅ ይመስላል፣ ወለሉ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ እየተበላ ነው። ከመኪናው ሥር ገብታችሁ ዝገት ስታዩ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል።

ከእሳቸው በፊት መኪናዋ የገባችባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። የተሠራባት ሥራ ግን ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ መነገር አለበት። አንደኛው ቦታ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አምጥተው አቧራና እርጥበት ባለበት ጎማ ላይ ዙሪያውን ለቀለቁት። ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ የተላጠ ብረት ላይ ሲሆን ዝገቱን ያፋጥነዋል። በዚያ ላይ ተፍቆ ካልጠራ በስተቀር ቀለም አይዝበትም፣ ሌላ ማጣበቂያም አይዝበትም። ለቀጣዩ ባለሙያ ትልቅ ዕዳ ነው። ሌላው ቦታ «ውሃው ከሥር እየረጨ ነው የሚገባው» ተብሎ የወለሉ ግርጌ ሬንጅ ተቀባ። ውሃው ከላይ እየገባ ከሥር መውጫው ተደፈነ ማለት ነው። በጣም የሚያናድደው ሦስተኛው ነው፦ ውሃው እንዲወጣ ብለው ወለሉን በትራፓኖ በሱት! ቀዳዳዎቹን ቀለም እንኳ ሳይቀቡ ተዉአቸው። ጭቃና አቧራ መግቢያ ሆነ፣ የተበሳው ጠርዝ ዛገ፣ ውሃውም መግባቱን አላቆመም። ገንዘቡ ሁሉም ጋ ተከፍሏል። «አሮጌ መኪና ነው፣ ቻሉት» የሚል ምክር ደግሞ በነፃ ተጨምሮበታል። ከሁሉም ቦታ አንድም ሰው «ይህ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?» ብሎ ውሃ አፍስሶ ያየ የለም።

ጋሼን የተለዩ የሚያደርጋቸው ይሄው ነው። ምንጩን ሳያዩ አንዲት ጠብታ ማስቲሽ አይቀቡም።

መጀመሪያ የሚያደርጉት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ሞኬቱ የሚረጥበው ከዝናብ በኋላ ብቻ ነው ወይስ በበጋም? መኪናዋ ስትቆም አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ላቫጆ ስትገባስ? ቀጥሎ ሞኬቱን አንስተው እርጥበቱን በሁለት ጣታቸው ያሻሹታል፣ ያሸቱታል። የዝናብ ውሃ ከሆነ ጣት ላይ ይደርቃል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ ያሟልጫል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ መስታወቱም ከውስጥ በቅባት መሰል ጉም ይሸፈናል። ያን ጊዜ ጥፋቱ ጣራው ላይ ሳይሆን ከክሩስኮቱ ሥር ያለው የማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር ወይም ቱቦዎቹ ናቸው። በአንዳንድ ላንድክሩዘሮች ከወንበር ሥር ሁለተኛ ማሞቂያ ስላለ እሱንም ያዩታል። ኩላንቱ መርዝ ነውና ልጆች ባሉበት መኪና ውስጥ መቆየት የለበትም። ኤሲ ያለው መኪና ደግሞ ፀሐይ በበረታበት ቀን የሚረጥብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ነው፤ ያን ጊዜ ቱቦውን ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ይህን ሳይለይ መስታወት የሚያወልቅ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚያወልቀው።

የእኛ የዝናብ ውሃ ነበር። ወንበሮቹ በባለ 14 ቁልፍ ተፈቱ፣ የበሩ ግርጌ ሽፋኖች ወለቁ፣ ሞኬቱና ንጣፉ ወጡ። ወለሉ በጨርቅ ደረቀና ጋዜጣ ተነጠፈበት። ከዚያ ሶፍት በቀጫጭኑ ቆርጠው ከክሩስኮቱ ሥር፣ በመስታወቱ ግርጌ ማዕዘኖች፣ በበሩ ምሰሶዎችና በጣራው ጠርዝ በፕላስተር ለጠፉ። ሶፍት ጠብታ ሲነካው ወዲያው ቀለሙ ይለወጣል፤ ውሃ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሄደም መንገዱን ያሳያል። ረዳታቸው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ገባ፣ በሮቹ ተዘጉ፣ እሳቸው ውጭ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ይዘው ቀሩ። የላቫጆ ግፊት አይጠቀሙም። ግፊት ያለው ውሃ ደህናውን ጎማ ገልብጦ ስለሚገባ ሐሰተኛ ምልክት ይሰጣል። የሚያፈሱት ዝም ብሎ የሚወርድ ቀጭን ውሃ ነው፣ ልክ እንደ ዝናብ።

ሥርዓቱን ልብ በሉት፦ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄዱት። ከጣራው ቢጀምሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ እያጠበ ስለሚወርድ የትኛው እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የበሩ ጎማ፣ ከዚያ የመስታወቱ ታችኛው ጠርዝ፣ ጎኖቹ፣ ላይኛው ጠርዝ፣ በመጨረሻ የጣራው አሸንዳ። በእያንዳንዱ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ውሃ በላሜራና በጨርቅ መካከል ተጉዞ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳልና። የሚቸኩል ሰው ይህን ሥራ አይሠራውም።

በመስታወቱ ታችኛ ማዕዘን፣ በተሳፋሪው በኩል ሲያፈሱ ልጁ ከውስጥ «ጋሼ፣ ሶፍቱ ረጠበ!» አለ። «የት ጋር? እጅህን አታንሳ» አሉትና ቱቦውን ሳያንቀሳቅሱ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩ። ጠብታው ሹፌሩ እግር ላይ እስኪደርስ ጠበቁ። እዚህ ላይ ነው የሌሎቹ ሁሉ ስህተት የተገለጠው። ውሃ ይታይ የነበረው በሹፌሩ እግር በኩል ስለነበር ሁሉም የሹፌሩን በር ነበር የሚከሱት። ውሃው ግን በተቃራኒው ማዕዘን ገብቶ፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ በሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ላይ እየተንሸራተተ፣ ጥቅሉ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ፣ ፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ነበር የሚንጠባጠበው። በእጅ ባትሪው ብርሃን ጠብታዎቹ ሽቦው በተጠቀለለበት ጥቁር ፕላስተር ላይ ተራ በተራ ተሰልፈው ሲሄዱ በዓይን ይታያሉ። ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የመዳብ ጫፎች አረንጓዴ ሆነዋል። ፍሬቻው አንዳንዴ እምቢ የሚልበት ምክንያትም በዚያው ታወቀ።

በአንድ ቀዳዳ አላቆሙም፤ እስከ ጣራው ድረስ ፈተናውን ጨረሱት። አሮጌ መኪና ውስጥ ውሃ በአንድ በር አይገባም፤ አንዱን ደፍኖ ያስረከበ ሰው በሚቀጥለው ዝናብ ይወቀሳል።

ከኮፈኑ ጀርባ፣ ከመስታወቱ ግርጌ ያለው የአየር መሳቢያ ወንፊት ሁለተኛው ምንጭ ነበር። እዚያ የሚገባው የዝናብ ውሃ በግራና በቀኝ ባሉ መውረጃዎች በፓራፋንጎው ጀርባ ወደ መሬት መውረድ አለበት። በከተማችን መኪና የሚቆመው ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ነው፤ የጃካራንዳ አበባና ቅጠል፣ የዘንባባ ጭራ፣ አቧራ ተጨምሮበት መውረጃውን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ውሃው እዚያው ይጠራቀምና ሞልቶ በአየር ማስገቢያው በኩል ተሳፋሪው እግር ላይ ይፈስሳል። ጋሼ በለስላሳ ሽቦና በጣታቸው ያወጡት ጥቁር ዝቃጭ ሁለት እፍኝ ይሞላል። ከዚያ ውሃ አፍስሰው በሁለቱም በኩል ከፊት እግሩ ጎማ ጀርባ እኩል ሲወርድ አሳዩን። ይህን ማንኛችሁም በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ውሃ ስታፈሱ በአንድ በኩል ብቻ ከወረደ ሌላው ተደፍኗል። በሹል ብረት ግን አትውጉት፣ የዛገውን ላሜራ ትበሱታላችሁ።

ፖርቶመጋላው የሚቆምበት አሸንዳ ላይ ደግሞ የድሮው መድፈኛ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጭነት በበዛ ቁጥር እግሮቹ አሸንዳውን እያንቀሳቀሱ ይሰነጥቁታል። እሳቸው የተሰነጠቀውን በሙሉ ፍቀው አውጥተው፣ ብረቱን አጽድተው፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተው፣ መገጣጠሚያውን ፖሊዩሬቴን በሚባለው መድፈኛ ሞሉት፤ ከፖርቶመጋላው እግሮች ሥርም ጎማ አስገቡ። በሮቹ ላይ ያለው ቀላል ነበር፦ ከበሩ ሽፋን ጀርባ ያለውን ላስቲክ ስፒከር የገጠመ ሰው ቀዶት ሄዷል። በመስኮቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ የሚወርደው ውሃ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው ወደ ውስጥ ይመለስ ነበር። አዲስ ወፍራም ላስቲክ ለጠፉና የታችኛዎቹን ቀዳዳዎች ከጭቃ አጸዱ። የበሩን ጎማ የሚፈትሹት በወረቀት ነው። ወረቀት በር ላይ ይዘጉበትና ይስቡታል፤ ያዝ ካላደረገ እዚያ ቦታ ጎማው አይነካም። ጎማ ከመለወጣቸው በፊት በሩ ሲዘጋ የሚቆለፍበትን፣ ምሰሶው ላይ ያለውን መያዣ ትንሽ ወደ ውስጥ ያስጠጉታል፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ጎማ አያስፈልግም።

ዋናው ሥራ መስታወቱ ነው። ጎማው ስለደረቀ ለማትረፍ አልሞከሩም፤ ከውስጥ በኩል ጎማውን ቆርጠው መስታወቱን ለሁለት ሆነው ይዘው አወጡት። የድሮ መስታወት በዚህ ሰዓት ነው የሚሰበረው፤ ጎማውን ለማዳን ብሎ በካቻቢቴ የሚፈነቅል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ሥሩ ሲታይ የታችኛው ከንፈር በሁለት ቦታ ተበልቷል። እዚያ ላይ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም የሚቀባ ብዙ ነው፤ ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ በዓመቱ ይፈነዳል። ጋሼ የተበላውን ቆርጠው ላሜራ በየዱ፣ ሲሊኮኑን በሙሉ ፍቀው አነሱ፣ የቀረውን ዝገት በብረት ብሩሽ እስኪነጣ አጸዱ። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ለቀረው ፎስፈሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ቀቡ፤ አጥበው አድርቀው አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከላዩ ቀለም። ቀለሙ ሳይጠነክር መስታወቱ አይገባም፤ እርጥብ ቀለም ጎማው ሥር ተልጦ እንደገና ያዝጋል።

አገባቡም ሲታይ ደስ ይላል። አዲሱ ጎማ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለበሳል፤ ብረቱን በሚይዘው ውስጠኛ ቦይ ዙሪያውን ጠንካራ ሲባጎ ይገባና ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ ተደራርበው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል፤ ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር ብረቱን ተሻግሮ ይቀመጣል። ከዚያ በጎማውና በመስታወቱ፣ በጎማውና በላሜራው መካከል የማይደርቅ የመስታወት ማስቲሽ ይገባል። የማይደርቅ የሚሆነው በምክንያት ነው፦ ይህች መኪና ኮረኮንች ላይ ስትሄድ ገላዋ ይጣመማል፣ የሚደርቅ ነገር ይሰነጠቃል።

አሁን ደግነታቸውን ልንገራችሁ። የፊውዝ ሳጥኑን ማንም አጽዱልን አላላቸውም፤ አረንጓዴውን አንድ በአንድ አጸዱት፣ ሽቦው ወደ ሳጥኑ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አድርገው አሰሩት፤ ወደፊት ጠብታ ቢመጣ እንኳ እጥፋቱ ላይ እንዲወርድ እንጂ ሳጥኑ እንዳይደርስ። ሞኬቱንና ንጣፉን አሳጥበው ጋራዣቸው ቆርቆሮ ላይ አሰጡት፤ በየመሐሉ ደመና ሲመጣ ልጁ እየሮጠ ያስገባዋል። ሰዎች በትራፓኖ የበሷቸውን ቀዳዳዎች በየዱ፣ ሬንጁን አነሱ፣ ፋብሪካው የሠራቸው መውረጃዎች ላይ ደግሞ የጎደሉትን የጎማ መድፈኛዎች ፈልገው ገጠሙ። ሒሳብ ላይ የእነዚያ ቀዳዳዎች ብየዳ የለም። ሲጠየቁ «እነዚህ መጀመሪያውኑ መበሳት ያልነበረባቸው ናቸው፤ አላስከፍልባቸውም» አሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ መኪናዋን ዝናብ ሳያያት አላስረከቡም። ሞኬቱ ሳይገባ፣ ጋዜጣው ወለሉ ላይ እንደተነጠፈ፣ ውጭ አሳድረው ጠዋት ጋዜጣውን አንስተው አሳዩ። ደረቅ። ገንዘባቸውን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ስታገኙ ሌላ ምን ትላላችሁ? እግዚአብሔር ያክብርልን ነው።

ክረምቱን መኪናዋ በከባድ ዝናብ ወደ ወረታም ወደ መሸንቲም ተመላልሳለች። ሞኬቱ ደርቋል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ መስታወቱ ጉም አያውቅም።

ሚኒባስ፣ ዲኤክስ፣ ፒካፕ ያላችሁም ሂዱ። መስታወቱ የተለጠፈ መኪና ሥራው ይለያል፤ ማጣበቂያው ለዚያ የተሠራ ፖሊዩሬቴን መሆን አለበት፣ እስኪጠነክርም መኪናው አይነዳም፤ እሱንም ያውቁበታል። ዲኤክስ ላይ ባጋጁ የሚረጥብባችሁ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ስቶፑ ጎማ ነው፤ ለእሱ ብዙ ወጪ የለም። የገጠር ጠጠር መንገድ የምትመላለሱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በበጋ በር ስትከፍቱ ጎማው ላይ ወይም ሞኬቱ ጠርዝ ላይ የአቧራ መስመር ካያችሁ፣ ክረምት ላይ ውሃው የሚገባው በዚያው ነው። ፎቶ አንስታችሁ አሳዩአቸው፣ ሥራውን ያቀልላቸዋል።

ሚያዝያና ግንቦት ጥሩ ጊዜ ነው፤ ቀለም በደንብ ይደርቃል፣ ወረፋውም ቀላል ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ሰው ነው የሚመጣባቸው፣ ሞኬት ማድረቅም ያስቸግራል። ዋጋውን በስልክ አይነግሩም፣ አትጨቅጭቋቸው፤ ጎማው ሥር ያለው ዝገት ሳይታይ ዋጋ የሚነግር ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ይጨምርባችኋል። ውሃ ፈትሸው ምንጩን ካሳዩ በኋላ ይነግራሉ፣ ከነገሩት አይጨምሩም። የመስታወት ጎማ የሚመጣው እንደ ሞዴሉ ስለሆነ ስትደውሉ የመኪናውን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት ንገሯቸው። ወደ እሳቸው ከመሄዳችሁ በፊት መኪናውን አታሳጥቡ፣ ምንም ነገርም አትቀቡበት፤ ውሃው የተወውን ምልክት እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ። በጠዋት ድረሱ፣ ፈተናው ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል።